ራዲያተሩ ለምን ግማሹ ብቻ ይሞቃል? የቤት ማሞቂያ ጥያቄዎቻችሁ

ብርዱ ሊገባ ሲል ደብዳቤ ይበዛብኛል። ሰመሩን ሙሉ ማሞቂያውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኦክቶበር ላይ አንድ ማታ ይበራል፣ ያንጎራጉራል፣ ግማሽ ቤት ያሞቃል፣ ከዚያ ወደዚህ አምድ ይጻፋል። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ ሙሉ በሙሉ የማሞቂያ ነው። ለማያውቀው፣ ቦይለር ውሃውን የሚያሞቀው ዕቃ ነው፣ ራዲያተር ደግሞ ያ ሙቅ ውሃ በቧንቧ መጥቶ በውስጡ እየዞረ ክፍሉን የሚያሞቅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከአዲስ አበባም አለ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቱን የገዛነው ከነቦይለሩ ነው። ላይኛው ፎቅ ያሉት ራዲያተሮች ከታች ይሞቃሉ፣ ከላይ በረዶ ናቸው። ባለቤቴ በቁልፍ ከፍቶ አየሩን ያስወጣል፣ ለጥቂት ቀን ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ያው ነው። ባለፈው ሲያስተነፍሰው የወጣው ውሃ ጥቁር ነበር፣ ምንጣፋችንን አበላሸው። ሳሎን ያለው ትልቁ ራዲያተር ደግሞ ታች መሃሉ ላይ አይሞቅም። አንድ ሠራተኛ መጥቶ አየት አደረገና «ቦይለሩ ይቀየር» አለን። እውነቱን ነው? (ከቶተንሃም፣ ለንደን)

መልስ፦ እህቴ፣ ለቦይለር ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ቆም በይ። የዘረዘርሽው ምልክት በሙሉ የሚያመለክተው በውስጡ የሚዞረውን ውሃ ነው። ቦይለሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ራዲያተር የቀዘቀዘበት ቦታ ብዙ ነገር ይናገራል። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አናቱ ላይ ጋዝ ተጠራቅሟል። ከላይ ሞቆ ታች መሃሉ ከቀዘቀዘ ዝቃጭ ተኝቶበታል። ሌሎቹ ሁሉ ሞቀው አንዱ ብቻ ጭራሽ እምቢ ካለ ችግሩ ቫልቩ ላይ ነው። ለቦይለሩ የቀረቡት እየተቃጠሉ የራቁት ለብ ብቻ ካሉ ውሃው በእኩል አልተከፋፈለም፣ ከራዲያተሩ በአንዱ ጎን ክዳን ያላትን ቫልቭ እያጠበቁና እያላሉ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ እጅሽ ይበቃል፣ ከላይ እስከ ታች ዳሰስ ማድረግ ነው።

እናንተ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብረው ተገኝተዋል፣ የሁለቱም አባት አንድ ነው፤ ዝገት። ራዲያተሩ ከብረት የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ መድኃኒት ካልተጨመረበት ብረቱን ይበላዋል። እዚያ ውስጥ የሚፈጠረው ዝገት ደጅ እንደምናየው ቡናማ አይደለም፣ ጥቁር ዱቄት ነው፣ ማግኔታይት ይባላል፣ ስሙ እንደሚለው ማግኔት ይስበዋል። ብረቱ ሲበላ ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣል። ጋዙ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣና ላይኛው ፎቅ ራዲያተር አናት ላይ ይሰፍራል። ዱቄቱ ደግሞ እንደ ጠላ አተላ ታች ይዘቅጣል፣ በተለይ ውሃው ቀስ ብሎ በሚያልፍበት በትልቁ ራዲያተር ሆድ ውስጥ። ባለቤትሽ «አየር» እያለ የሚያስወጣው ነገር ከፊሉ ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሲያስተነፍስ ሻማም ሆነ ሲጋራ አጠገቡ አይኑር፣ ይቀጣጠላል።

አሁን ክፉው ነገር ምን መሰለሽ? ባስተነፈሰ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ከቧንቧ አዲስ ውሃ ይጨምራል። አዲሱ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ኦክስጅኑ ብረቱን ይበላል፣ ዝገቱ ጋዝ ይፈጥራል፣ እና እንደገና ማስተንፈስ። በዓመት አንዴ ማስተንፈስ ደንብ ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ግን የማሞቂያው ሥርዓት (ቦይለሩ፣ ቧንቧውና ራዲያተሩ) ውስጡን እየበላ ነው፣ ወይም የሆነ ቦታ ያፈሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ራዲያተር ቫልቭ ሥር፣ የቦይለሩን ታች፣ የወለሉን ጥግ እያያችሁ እርጥበት ወይም አረንጓዴና ነጭ ቅርፊት ፈልጉ።

ከዚያ ጽዳቱ። ሠራተኛ ስትጠሩ «ቦይለር ቀይርልኝ» ሳይሆን «ውሃውን እይልኝ» በሉት። ቀለል ያለው መንገድ የማጽጃ ኬሚካል ሥርዓቱ ውስጥ ጨምሮ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ እያዞሩ አቆይቶ፣ ውሃውን ሁሉ አፍስሶ፣ ጥርት እስኪል አለቅልቆ፣ በመጨረሻ ጸረ ዝገት ፈሳሽ መጨመር ነው። ከበድ ያለው በማሽን ውሃውን በኃይል እየገፉ የሚያጥቡት ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስወጣል። እኔ ለብዙ ቤት የመጀመሪያው ይበቃል ባይ ነኝ። ያቺን የሳሎኗን ትልቅ ራዲያተር ደግሞ ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ፣ ፈትቶ፣ ጓሮ አውጥቶ በጎማ ውሃ እየገለባበጡ ማጠብ ከማንኛውም ኬሚካል የተሻለ ይሠራል። ስትሸከሟት ግን የቀረው ጥቁር ውሃ ምንጣፍ ላይ ሁለተኛ ታሪክ እንዳይሠራ አፏን በጨርቅ ድፈኑት። ቧንቧዎቹ በጣም ያረጁ ከሆነ በማሽን ከመታጠባቸው በፊት ጠይቁ፣ አንዳንዴ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ራሱ ዝገቱ ነውና ሲታጠብ ማፍሰስ ይጀምራል።

አንድ ሌላ ነገር አስገጥሙ፤ ማግኔት ያለው ማጣሪያ። ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ቧንቧ ላይ ይገጠማል፣ ጥቁሩን ዱቄት ቦይለሩ ከመድረሱ በፊት ይይዘዋል። በዓመታዊ ሰርቪስ ጊዜ ይከፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይዘጋል። ጸረ ዝገቱም በዓመት አንዴ ይመርመር። የእንግሊዝ ደረጃ መደበኛ ምርመራና በየ5 ዓመቱ እንደገና መጨመርን ይመክራል። የተጨመረበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦይለሩ ላይ ለጥፉት፣ ማንም አያስታውሰውም።

የማስተንፈሻውንም አሠራር ለምንጣፉ ስል ልንገርሽ። ማሞቂያውን አጥፉና ይቀዝቅዝ። ከታችኛው ፎቅ ጀምሩ። ከቁልፉ ሥር አሮጌ ፎጣና ኩባያ ያዙ። ቁልፉን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ፣ ብሎኗን ፈትቶ ማውጣት የለም። «ስስስ» ይላል። ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ዝጉ። ሲያልቅ የግፊት መለኪያውን እዩ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ከ1 እስከ 1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) መሆን አለበት።

የዚያን የሠራተኛ ነገር ግን ተይው። ውሃውን ሳያይ ቦይለር የሚያስቀይር ሰው አዲሱን ቦይለር በዚያው ጥቁር ውሃ ሊያስጀምርላችሁ ነው። የአዲሶቹ ቦይለሮች የውስጥ መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይደፈናል። ሥርዓቱ ሳይታጠብ ተገጥሞ ከተበላሸ ደግሞ አምራቹ ዋስትናውን ሊከለክላችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ የቦይለሬ ግፊት መለኪያ ጠዋት 1 ላይ ነው። ማሞቂያው ሲበራ ወደ 3 ይጠጋል። ያኔ ውጭ ግድግዳው ላይ ካለች ቀጭን የመዳብ ቱቦ ውሃ ይንጠባጠባል። ሲቀዘቅዝ ዜሮ ገብቶ አገኘዋለሁ። በየቀኑ ውሃ እየሞላሁ ነው። ጓደኛዬ ቱቦዋን ድፈናት ይለኛል። (ከሊድስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቱቦዋን እንዳትነካት! ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ተከፍታ ውሃውን የምታስወጣው የደህንነት ቫልቭ መውጫ ናት። እሷ ከተደፈነች ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ያ መውጫ ደግሞ አንተ የምትወደው ቦታ ላይሆን ይችላል።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከቀዝቃዛ እስከ 80 ዲግሪ 3 በመቶ ገደማ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የተዘጋ ሥርዓት ውስጥ መሄጃ ይፈልጋል። ለዚያ ተብሎ ቦይለሩ ውስጥ ወይም አጠገቡ አንድ የብረት ዕቃ አለ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ውስጡ በጎማ ለሁለት ተከፍሏል፣ በአንዱ በኩል ውሃ፣ በሌላው አየር። ውሃው ሲሰፋ ጎማውን ይገፋል፣ አየሩ ይጨመቃል፣ ግፊቱ ብዙም አይወጣም። አየሩ ካለቀ ወይም ጎማው ከተቀደደ ግን ልክ አንተ የጻፍከው ይሆናል፤ ሲሞቅ ይዘላል፣ ውሃው ውጭ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ዜሮ።

የጋዝ ሠራተኛ ጥራ። አየሩን ይሞላዋል፣ ወይም ዕቃውን ይቀይረዋል። ደጋግማ የተከፈተች የደህንነት ቫልቭም ቆሻሻ ስለሚገባባት ጥርቅም ብላ አትዘጋም፣ አብራ ትቀየር። እስከዚያ አንድ ነገር ራስህ እይ። ማሞቂያው ጠፍቶ እያለም ግፊቱ የሚጨምር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ውሃ የምትሞላበት ቱቦ ቫልቭ በደንብ አልተዘጋም ይሆናል። ሞልተህ ስትጨርስ ሁለቱንም ጫፍ ዝጋ።

በየቀኑ መሙላቱን ደግሞ አቁም። ምክንያቱን ከላይ ለቶተንሃሟ እህታችን ጽፌዋለሁ፣ ራዲያተርህን በገዛ እጅህ እያዛግክ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታለች። ቅዳሜ ማታ በረዶ ሲጥል ማሞቂያው ቆመ። ሠራተኛ እስከ ሰኞ የለም ተባልን። እናቴ ለቡና የያዝነውን ከሰል በምድጃ አቀጣጥለን ሳሎን እናስገባው ትላለች፣ «ጭሱ ካለቀለት ምን ያደርጋል፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጉት» ነው የምትለው። እኔ ፈራሁ። ልክ ነኝ? (ከሸፊልድ)

መልስ፦ ልክ ነህ፣ በጣም ልክ ነህ። እማማን በአክብሮት እምቢ በላቸው። ጭሱ ያለቀለት ቀይ ፍም ነው ዋናው ገዳይ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት ከሰል አዙሮት የወደቀ፣ ወይም ከነቤተሰቡ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም። እዚህ ደግሞ ይብሳል። መስኮቱ ባለ ሁለት መስታወት ነው፣ በሩ ጎማ አለው፣ አገር ቤት በቆርቆሮውና በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ እዚህ የለም። መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። የባርቤኪው ምድጃም፣ የጋዝ ምድጃ ለኩሶ ክፍል ማሞቅም እንደዚያው ነው።

ምልክቱን ለእማማም ንገራቸው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ከታመመና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን አይደለም። ሁሉም ይውጣ፣ አምቡላንስ ይጠራ። ይህ የከሰል ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ ያልተመረመረ ቦይለርም ያመጣዋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከሌላችሁ ነገ ግዙ፣ ዋጋው ከአንድ ምሽት እራት አይበልጥም። ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉ፣ ውጡና ወደ 0800 111 999 ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

እስከ ሰኞ ምን ይደረግ? አንድ ክፍል ምረጡና እዚያ ተሰብሰቡ። ዘይት ያለው የኤሌክትሪክ ራዲያተር ገዝታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን። ለእድሜ ባለጸጋ የክፍሉ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ ይመከራል። ለእማማ ጋቢው ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ የጎማ ከረጢት ጨምሩበት።

ሠራተኛ ከመጠበቅህ በፊት ግን ሦስት ነገር እይ፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያ ነው። የጋዝ ቆጣሪህ ቀድሞ የሚሞላ ከሆነ ሂሳቡ አልቆ ይሆናል። የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው የቴርሞስታቱ ባትሪ ሞቶ ይሆናል። ከሁሉም ይልቅ የምጠረጥረው ግን በረዶ በጣለ ማታ መቆሙን ነው። ከቦይለሩ ወደ ውጭ የምትወጣ የፕላስቲክ ቱቦ አለች፣ ቦይለሩ የሚያጠራቅመውን ውሃ የምታፈስስ። ውጭ ያለው ጫፏ በረዶ ሲይዘው ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ቦይለሩ እየተንቦጨቦጨ ራሱን ያጠፋል። ሙቅ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ቱቦዋ ላይ አፍስስ፣ ሲቀልጥ የቦይለሩን ዳግም ማስነሻ ቁልፍ ተጫን። ከተነሳ ሠራተኛው ሰኞ ሲመጣ ያቺን ቱቦ ወፍራም የስፖንጅ ልባስ እንዲያለብሳት አድርግ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አለፈው። አከራዬ «ራስሽ አሠሪው፣ ከኪራይ ላይ እንተሳሰባለን» ይላል። አንድ የሰፈራችን ልጅ በርካሽ እሠራልሻለሁ ብሎኛል። (ከምሥራቅ ለንደን)

መልስ፦ የለም፣ የእሱ ሥራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያውንና የሙቅ ውሃውን ሥርዓት መጠገን ያለበት አከራዩ ነው ይላል። የጋዝ ዕቃዎችንም በየዓመቱ አስመርምሮ የምስክር ወረቀቱን ግልባጭ ለተከራይ መስጠት አለበት። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ቦይለር ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ማድረግም ግዴታው ነው።

በስልክ አትነጋገሪው፣ በጽሑፍ ይሁን። ቀኑን፣ ፎቶውን፣ የክፍሉን ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ሳይቀር ላኪለት። ካልሰማ ወደ አካባቢሽ አስተዳደር፣ ወደ ካውንስሉ፣ ሂጂ። ኪራይ መከልከል ግን አይሁንብሽ፣ ያ ራስሽን ጥፋተኛ ያደርግሻል።

የሰፈሩን ልጅ በተመለከተ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ «የጌዝ ሴፍ ካርድህን አሳየኝ።» ጌዝ ሴፍ የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ጋዝ መንካት የሚችለው እዚያ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ካርዱ ፎቶ፣ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችል ተዘርዝሯል። ጀርባውን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፣ አንቺ አንብቢው። ካርድ የሌለው ወገናችን ራዲያተር ያስተንፍስ፣ ራዲያተር ይጠብ፣ ቀለም ይቀባ። የቦይለሩን ክዳን ግን አይክፈት። ወገንነቱን በቡና እንወጣዋለን።

ጥያቄ፦ ራዲያተሮቻችን ከ1 እስከ 5 ቁጥር አላቸው። ከሥራ ስገባ ቶሎ እንዲሞቅልኝ 5 ላይ አደርገዋለሁ። የዓመቱ ሂሳብ ሲመጣ ደነገጥኩ። ጎረቤቴ ደግሞ አንደኛው ራዲያተር የሚንቦጨቦጨው አየር ስላለው ነው አለኝ፣ ራሴ ላስተንፍሰው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ 5 ቶሎ አያሞቅም። ቁጥሩ ክፍሉ የት ሲደርስ ቫልቩ እንደሚዘጋ ነው የሚነግረው። 3 ማለት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 4 ደግሞ 24፣ 5 ወደ 28። ከቀዝቃዛ ክፍል ተነስተህ ወደ 20 ለመድረስ በ3ም በ5ም የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በ5 አያቆምም፣ አንተ ላብ በላብ ሆነህ መስኮት እስክትከፍት ይቀጥላል። ጀርመን ውስጥ በጋራ ሕንፃ ከማሞቂያ ወጪው ቢያንስ ግማሹ በየቤቱ ፍጆታ ነው የሚከፋፈለው፣ ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ መለኪያ ሁሉን ትመዘግባለች።

ሶፋው ራዲያተሩን ከጋረደው፣ መጋረጃው ከላዩ ከወረደ፣ ወይም የታጠበ ነጠላ ከተሰጣበት ሙቀቱ እዚያው ይታፈንና የቫልቩ ቴርሞስታት «ክፍሉ ሞቋል» ብሎ ይዘጋል፣ ክፍሉ ግን ብርድ ነው። ልብስ ራዲያተር ላይ ማድረቅ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያመጣል። መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ዘንበል አድርጎ ከመተው በቀን ጥቂት ጊዜ ለ5 እስከ 10 ደቂቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ መዝጋት ይሻላል።

ማስተንፈሱን መሥራት ትችላለህ፣ ግን መጀመሪያ ሕንፃውን ለሚጠብቀውና ለሚጠግነው ሰው፣ ለሃውስማይስተሩ፣ ንገረው። ውሃው የሕንፃው የጋራ ነው። አንተ አራተኛ ፎቅ ላይ አየር ባስወጣህ ቁጥር ምድር ቤት ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የሚሞላው ሃውስማይስተሩ ነው። አናት ላይ ያለ ቤት ደጋግሞ የሚንቦጨቦጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምድር ቤቱ ግፊት ማነስ ነውና የአንተ ቁልፍ አይፈታውም።

ሰመር ሲገባ ደግሞ የቫልቮቹን ራስ 5 ላይ ተዋቸው። ለወራት ተዘግታ የቆየች ቫልቭ ውስጧ ያለችው ትንሽ ፒን ትጣበቃለች፣ ኦክቶበር ላይ ራዲያተሩ «ሞቷል» የሚባለው ለዚህ ነው። ከተጣበቀች የቫልቩን ራስ አውልቀህ ፒኗን በፒንሳ ጀርባ ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጋት፣ ራሷ ትመለሳለች። ወደ ውጭ መጎተት ግን የለም፣ ከወጣች ፏፏቴ ነው።

ጥያቄ፦ የኛ ቤት ራዲያተር የለውም፣ ከወለል ነው ሙቅ አየር የሚወጣው። አየሩን በጋዝ እሳት የሚያሞቀው ፈርነስ ይነሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ይነዳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። የአየር ማጣሪያውን ፊልተርም አየሁት፣ ከሰል መስሏል፤ የቀየርነው መቼ እንደሆነ አናስታውስም። የሚደውሉ ሰዎች ደግሞ የአየር ቱቦዎቹን በርካሽ እናጽዳላችሁ እያሉ ያስቸግሩናል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከፊልተሩ እንጀምር። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፊልተር ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ይቀየራል። ቡና ለሚቆላበት፣ ዕጣን ለሚጨስበት፣ ለወጡ ሽንኩርት ለሚቁላላበት የሀበሻ ቤት እኔ በየወሩ አውጥታችሁ እዩት እላለሁ፣ ያ ሁሉ ጭስ የሚሄደው እዚያ ነው። መጠኑ ክፈፉ ላይ ተጽፏል፣ 16 በ25 በ1 እንደሚለው ዓይነት። ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። «መርቭ» የሚል ቁጥርም አለው፣ ፊልተሩ ምን ያህል ደቃቅ ነገር እንደሚይዝ የሚናገር። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብላችሁ አትግዙ። በጣም የጠበቀ ፊልተር አየሩን ያንቃል፤ 8 ወይም 11 ለብዙ ቤት ደህና ነው፣ 13 ከማድረጋችሁ በፊት ፈርነሱ ይችለው እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን የመጥፋቱ ነገር። ለደቂቃዎች ነድዶ፣ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ማራገቢያው ብቻ የሚነፍስ ቢሆን ኖሮ ፊልተሩ ነው እልሽ ነበር፣ አየር ሲያጥረው ከልክ በላይ ይሞቅና ራሱን ያጠፋል። ያንቺ ግን በሰከንድ ውስጥ ነው የሚጠፋው። በአብዛኛው ጥፋተኛዋ እሳቱ መኖሩን የምታይ ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። ጥላሸት ሲለብሳት እሳቱ እየነደደ «እሳት የለም» ትላለች፣ ፈርነሱም ጋዝ ባዶውን እንዳይፈስ ብሎ ይዘጋል። ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይቆልፋል። ሙያ ያለው ሰው ፈትቶ በስስ የብርጭቆ ወረቀት ያጸዳታል፣ አጭር ሥራ ነው። ለዚህ ብሎ አዲስ ፈርነስ የሚሸጥልሽ ካለ ሌላ ሰው ጠይቂ። እሱ እያለ ዓመታዊ ምርመራውን አብሮ ያድርግ፤ በተለይ የሙቀት መለዋወጫው፣ ማለትም እሳቱ የቤቱን አየር የሚያሞቅበት የብረት ክፍል፣ እንዳልተሰነጠቀ ይይልሽ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት የሚገባው በዚያ ነው።

ደዋዮቹን ስልኩን ዝጊባቸው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቱቦ በየጊዜው እንዲጸዳ አይመክርም፣ ውስጡ ሻጋታ ወይም አይጥ ከተገኘ ወይም በአቧራ ከተደፈነ ብቻ ነው። በስልክ የተነገረሽ ርካሽ ዋጋ ሰውየው ቤት ከገባ በኋላ መውጣት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እኛ አዲስ አበባ ራዲያተር አናውቅም፣ ግን የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር እያስቸገረን ነው። ሲበራ ይንጣጣል፣ ለመሞቅም ድሮ ከሚፈጅበት እጥፍ ይፈጃል፣ ከታች ካለችው ቫልቭም ውሃ ትንጠባጠባለች። (ከአቃቂ ቃሊቲ)

መልስ፦ የእናንተም ጣጣ ያው ውሃው ነው። መንጣጣቱ ከማሞቂያው ዘንግ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ነው፣ ከቅርፊቱ ሥር የታሰረው ውሃ እየፈላ ነው የሚንጣጣው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ውሃ ይልቅ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል፣ በእናንተ አካባቢ ደግሞ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ። ቅርፊቱ ሙቀቱን ስለሚያፍን ቆጣሪው ይሮጣል፣ ውሃው ግን አይሞቅም።

መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። የቀዝቃዛውን ውሃ ዝጉ፣ ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፣ ታንከሩን ከታች አፍስሱት። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንጉን ያውጣው፣ ቅርፊቱ ተፍቆ ወይም በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ይለቃል፣ ታች የተጠራቀመው አሸዋም ይውጣ። እግረ መንገዱን የማግኒዚየም ዘንጉንም እዩ። ታንከሩን ለማዳን ብሎ እሱ ራሱ የሚበላ ነገር ነው፣ ሽቦው ብቻ ከቀረ ይቀየር፣ ካልተቀየረ ቀጣዩ የሚበላው ታንከሩ ነው።

ቫልቯ ውሃው በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ጠብ ጠብ ካለች ሥራዋን እየሠራች ነው፣ ቱቦ ገጥማችሁ ወደ ፍሳሹ ላኳት። ቀንም ሌሊትም ከሆነ ግን ወይ ቆሻሻ ይዟታል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ትቀየር።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ደፍርሶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የጓሮውን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ አፍስሱት፣ ከዚያ ወደ ቦይለሩ ይግባ። ታንከሩ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለማቋረጥ ሲወርድ እስክታዩ ድረስ መብራቱን አታብሩት፣ ባዶ ታንከር ውስጥ የበራ ዘንግ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።